ጦርነት በሳንቲም፦ ልጆቻችንና የተኩስ ጨዋታ ማሽኖች

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም ለእዝነት በተላኩት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሐቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዲን ትምህርት ጋር የማይሄድ ቀላል ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ጨዋታ ነው። በትልልቅ የገበያ ማዕከላትና በመዝናኛ ቦታዎች ተደርድረው፣ ሳንቲም ወይም ጀቶን ሲጎርሱ የሚነሱ፣ ልጁ የፕላስቲክ ጠብመንጃ ይዞ በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ ወታደሮችን እንዲተኩስ የሚጋብዙ ማሽኖች አሉ። በዱባይና በጅዳ፣ በዋሽንግተንና በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቋቸዋል። እዚህ በሀገራችን በየሰፈሩ ባሉት የጌም ቤቶች ደግሞ ሳንቲም የሚቀበለው ማሽኑ ሳይሆን ባለቤቱ ነው እንጂ ጨዋታው ያው ነው። ልጁ ይከፍላል፣ ይተኩሳል፣ ይሸነፋል፣ እንደገና ይከፍላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ወላጆች በሁለት ጎራ ተከፍለው እናያለን። አንደኛው ወገን «ልጅ ነው፣ ተዉት ይጫወት፤ ጫት ቤት ከሚገባ ይሻላል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ምንም ሳያጣራ «ሁሉም ሐራም ነው» ብሎ ልጁን በቁጣ ያባርረዋል፤ ልጁም ተደብቆ መጫወት ይለምዳል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ማሽኑ ምን እንደሆነና ለልጃቸው ምን እያስተማረው እንደሆነ ጠጋ ብለው አላዩም። እኛ ዛሬ በአላህ ፈቃድ ጠጋ ብለን እናየዋለን።

ኢስላምና ጨዋታ

አስቀድመን መሠረቱን እናስቀምጥ። ዲናችን ጨዋታን አይጠላም። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተመልክተዋቸዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከእርሳቸው ኋላ ሆነው እስኪበቃቸው ድረስ አይተዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሏቸው ሲነሱ ነቢዩ እንዲተዋቸው አዘዋል። እኛ የዚያ ሕዝብ ልጆች ነንና ይህን ታሪክ ስናስታውስ ደስ ይለናል። ነቢያችን ከባለቤታቸው ጋር የሩጫ እሽቅድምድም ማድረጋቸውም ተዘግቧል። ቀስት ውርወራንና ፈረስ ግልቢያንም አበረታተዋል።

ስለዚህ ልጅ መጫወቱ፣ ሌላው ቀርቶ የጦር መሣሪያ ባለበት ጨዋታ መጫወቱ፣ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያ ሐበሾች ጦሩን የያዙት ክብደቱን በሚያውቅ እጅ ነበር። ጦር ሰው ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በፊታቸው ሰው ሆኖ የሚወድቅ ኢላማ አልነበረም። ሰላቱም በጨዋታው ምክንያት አላለፈም። ጨዋታውን የምንመዝነው እንግዲህ በእነዚህ ነገሮች ነው።

ማሽኖቹ ከየት መጡ?

ወታደራዊ ጨዋታ በሳንቲም የዛሬ ነገር አይደለም። የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 «ፔሪስኮፕ» የተባለውን ማሽን አወጣ። ተጫዋቹ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ መነጽር እያየ የጠላት መርከቦችን በቶርፔዶ ይመታል። ይህ ማሽን አሜሪካ ሲገባ ለአንድ ጨዋታ 25 ሳንቲም ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት ሰዎች በታንክ የሚዋጉበት «ታንክ» የተባለው ጨዋታ ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የዓለምን ወጣቶች ያጥለቀለቀ ጨዋታ ነበር። የዚህን ጨዋታ ታሪክ በተለይ እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። የሠራው ጃፓናዊ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ኢላማዎቹን ምን ላድርጋቸው ብሎ ሲያስብ ሰዎችን ማድረግ ይችል ነበር። ሆኖም ሰውን መተኮስ ከግብረገብ አንጻር ትክክል አይደለም ተብሎ፣ በምትኩ ከሰማይ የሚወርዱ እንግዳ ፍጥረቶች ሆኑ። እስቲ አስቡት፣ ይህ ሰው የእኛን ኪታብ አልተማረም። ነገር ግን አላህ በሰው ልጅ ውስጥ ያኖረው ፊጥራ የሰውን መልክ ኢላማ ማድረግ ከባድ ነገር መሆኑን ነግሮታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ «ሚሳይል ኮማንድ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ ከተሞችን ከሚሳይል ይከላከላል፤ ግን ሚሳይሉ እየበዛ ይሄዳልና በመጨረሻ ሁሉም ከተሞች መጥፋታቸው አይቀርም። የሠራው ሰው ዴቭ ቴውረር በዚያን ጊዜ የኒውክሌር ጦርነትን በቅዠት ያይ እንደነበር ተናግሯል። በዚያው ዓመት ኩባንያው «ባትልዞን» የተባለ የታንክ ጨዋታ ሠራ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሰዎች ይህን ሲያዩ ለወታደር ማሠልጠኛ የሚሆን እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ንድፍ አውጪው ኤድ ሮትበርግ ተቃወመ፤ በመጨረሻ ግን ሠራው። በዚህች ቅጽበት በመጫወቻ ቤትና በጦር ሠፈር መካከል የነበረው ግድግዳ መሳሳቱን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው እየሳሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ኦፕሬሽን ዎልፍ» በማሽኑ ላይ የተገጠመ፣ ኡዚ የተባለውን መሣሪያ የሚመስል ጠብመንጃ ነበረው። ሲተኮስ በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በስክሪኑ ላይ የሚወድቁት ደግሞ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 «ታርጌት ቴረር» የተባለው ማሽን ወጣ። ተጫዋቹ በአውሮፕላን ማረፊያና በሳን ፍራንሲስኮ ትልቅ ድልድይ ላይ «ሽብርተኞችን» ይተኩሳል።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም በበኩሉ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2002 «አሜሪካስ አርሚ» የተባለውን የራሱን የኮምፒውተር ጨዋታ በነጻ አሰራጨ። ዓላማው ወጣቶችን ከሠራዊቱ ጋር ማስተዋወቅና ለምልመላ ማዘጋጀት መሆኑ የተደበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ስም፣ በሠራዊቱ ፈቃድ፣ ሳንቲም የሚጎርስ የተኩስ ማሽን ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሠራዊቱ በፊላደልፊያ ከተማ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የሄሊኮፕተርና የጦር መኪና ማስመሰያዎች ያሉት አዳራሽ ከፈተ። ዕድሜያቸው 13 የሞላ ልጆች ገብተው እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ነበር። የአካባቢው ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የቀድሞ ወታደሮች፣ ተቃውሞ አሰሙ፤ አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘጋ። የኮምፒውተር ጨዋታውም እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋርጧል። ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም። ጨዋታ መልእክት ሊሸከም እንደሚችል ከእኛ በፊት መንግሥታት ተረድተውታል። እኛ ወላጆች ብቻ «ጨዋታ እኮ ነው» እያልን እስከ መቼ እንዘልቃለን?

ሳንቲሙ እንዴት ይሄዳል?

ውድ አድማጮች! የእነዚህን ማሽኖች አሠራር ማወቅ ልጆቻችንን ለማስረዳት ይጠቅማል። ማሽኑ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጫወታል። መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። ልጁ የመጀመሪያውን ሳንቲም ሲያስገባ ጠላቶቹ ጥቂትና ዘገምተኞች ናቸው፤ ልጁ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ቀጥሎ ጠላት ይበዛል፣ ጥይቱ ይፈጥናል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልጁ «ሞቷል» ይባላል። ወዲያው በስክሪኑ ላይ ቁጥር ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። ቁጥሩ ዜሮ ከመድረሱ በፊት ሌላ ሳንቲም ካስገባ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ካላስገባ የደከመበት ሁሉ ይጠፋል። በዚያች አስር ሰከንድ ውስጥ ማን ረጋ ብሎ ያስባል? እጁ ወደ ኪሱ ይገባል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ባለ ማሽኑ የሚያተርፈው አንድ ልጅ ቶሎ ቶሎ ሲሸነፍና ቶሎ ቶሎ ሲከፍል ነው። እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚሄደው የማን ገንዘብ ነው? አባት ፀሐይ ላይ ውሎ ያመጣው፣ እናት ከአስቤዛ ቀንሳ ለደብተር የሰጠችው ነው። በውጭ ሀገር በሰው ቤት እየሠራች ለታናሽ ወንድሟ የምትልክ እህትም አለች። ገንዘባችንን ከየት እንዳመጣነውና በምን ላይ እንዳዋልነው በአላህ ፊት እንደምንጠየቅ ነቢያችን አስተምረውናል። ወጣትነታችንንም በምን እንዳሳለፍነው እንዲሁ።

በስክሪኑ ላይ ያለው ጠላት ማን ነው?

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነጥብ እንምጣ። ተኳሹ ልጃችን ነው፤ የሚተኮስበትስ? በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ተመራማሪ ቪት ሺስለር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በምዕራባውያን የጦርነት ጨዋታዎች ውስጥ ዐረቦችና ሙስሊሞች እንዴት እንደሚሳሉ መርምረዋል። ጠላቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በጨርቅ የጠመጠመ፣ ሰፊ ልብስ የለበሰ፣ ስምና ቤተሰብ የሌለው ሆኖ ይቀርባል። የሚዋጋው ወታደር ግን ስም አለው፣ ጓደኛ አለው፣ ይቀልዳል፣ ያዝናል።

ሙስሊም ልጅ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ምን እንደሚሆን አስቡ። አያቱ የሚጠመጥሙትን ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ሲያይ ጣቱ ቃታ ላይ ይሄዳል። ከበስተጀርባ አዛን የሚመስል ድምፅ ሲሰማ «ጠላት ቀርቧል» ብሎ ይዘጋጃል። ማንም ቁጭ ብሎ «የአያትህን መልክ ጥላ» አላለውም። ነገር ግን ሳንቲም እየከፈለ ተለማምዶታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ታዋቂ የጦርነት ጨዋታ ውስጥ የቁርአን ገጾች መሬት ላይ ተበትነው ሲታዩ ከሙስሊሞች ብዙ ቅሬታ ቀርቦ፣ አምራቹ ይቅርታ ጠይቆ አስተካክሎታል። ቅሬታን በሥነ ሥርዓት ማቅረብ ውጤት እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

በሌላ በኩል ፍትሐዊ እንሁን። በዐረቡ ዓለምም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኢላማውን ገልብጠው የራሳቸውን የጦርነት ጨዋታ የሠሩ አሉ። አንዳንድ ወጣቶቻችን «ይኸኛው የእኛ ነውና ችግር የለውም» ይላሉ። ወንድሞቼ! ችግሩ የሚወድቀው ሰው የማን ወገን ነው የሚለው ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። እኛ ግን የምንፈራው ልጁ የሰውን ሕይወት እንደ ነጥብ መቁጠር እንዳይለምድ ነው። ያ ሰው የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ይሁን፣ የየትኛውም ብሔር ተወላጅ ይሁን። ሀገራችን በቅርብ ዓመታት ጦርነትን አይታለች። በየቤታችን ያልተመለሰ ልጅ፣ የተፈናቀለ ዘመድ አለ። የማናውቀውን ሰው በመልኩና በልብሱ ብቻ ጠላት ማለት ምን እንደሚያመጣ ለእኛ የሚነግረን ሌላ ሀገር አያስፈልገንም።

«ማንም አይሞትም» ለሚሉ

በመድረሳ የማስተምረው አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ጉዳይ ስናወራ «ኡስታዝ፣ ማንም አይሞትም እኮ! ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው የብልህ ልጅ ጥያቄ ነውና በቁጣ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። የተኩስ ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ገዳይ ይሆናል የሚል ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ከቁጡነትና ከጠበኝነት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ግንኙነቱ አነስተኛ መሆኑን፣ እንደ መጮኽና መገፈታተር ባሉት ነገሮች እንደሚታይ፣ ከባድ ወንጀልን ግን በጨዋታው ላይ ለማላከክ በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታውቋል። ሙስሊም ለመምከር ብሎ አያጋንንም። ልጆቻችን አንድ ጊዜ ስናጋንን ከያዙን እውነቱንም ስንነግራቸው አይሰሙንም።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ የምንሰጠው መልስ ሌላ ነው። ዲናችን የሚጠይቀው «ሰው ሞቷል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «ልብህ ምን ሆነ?» ብሎም ይጠይቃል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ወጣቶች ዶሮ አስረው ለውርወራ ኢላማ አድርገው ሲጫወቱ ባዩ ጊዜ፣ ነቢዩ ነፍስ ያለውን ነገር ኢላማ የሚያደርግን ሰው መርገማቸውን ነግረዋቸዋል። በወንድም ላይ ብረት መደገንንም፣ በቀልድ እንኳ ቢሆን፣ ነቢያችን በብርቱ አስጠንቅቀዋል። እነዚህ ሐዲሶች ስለ እውነተኛ እንስሳና ስለ እውነተኛ መሣሪያ ናቸውና በስክሪን ሥዕልና በፕላስቲክ ጠብመንጃ ላይ በቀጥታ አንለጥፋቸውም። መንፈሳቸው ግን ግልጽ ነው። ነፍስ መጫወቻ አይደለችም።

የኡሳማ ኢብን ዘይድንም (ረ.ዐ) ታሪክ ለልጆቻችን እንንገራቸው። በእውነተኛ ጦር ሜዳ ላይ፣ ሰይፍ ሲነሳበት የሸሃዳን ቃል የተናገረን ሰው፣ ከፍርሃት ነው ብለው ገደሉት። ነቢዩ ሲሰሙ ደጋግመው ወቀሷቸው። ኡሳማ ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ኖሮ ብለው እስኪመኙ ድረስ አዘኑ። አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሠራዊት ሲልኩም ሴት፣ ሕፃንና አዛውንት እንዳይገደሉ፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ለምግብ ካልሆነ በቀር በግና ግመል እንዳይታረድ አዘዋል። በእኛ ታሪክ ጦርነት እንኳ ሕግ፣ እንባና ጥያቄ አለው። በማሽኑ ላይ ግን እጁን የሚሰጥ ጠላት የለም፤ ምርኮኛ፣ ቁስለኛ፣ መበለት የለም። የወደቀው ሰው ሬሳ እንኳ በሰከንድ ውስጥ ከስክሪኑ ይጠፋል። ልጄ፣ ጥፋቱ ይህ ነው። ጨዋታው ስለ ጦርነት ዋሽቶሃል።

ሸሪዓዊ አቋሙስ?

«ታዲያ ሐራም ነው ወይ?» ለሚለው በአጭሩ እንመልስ። ለመጫወቻ መሣሪያ ለተወሰነ ጊዜ መክፈል በመሠረቱ እንደ ኪራይ ነውና በራሱ ቁማር አይደለም። ነገር ግን ከፍሎ በዕድል ገንዘብ ወይም ሽልማት የሚገኝበት፣ ካልሆነም የተከፈለው የሚቀርበት ማሽን ለቁማር የቀረበ ነውና ልጆቻችንን ከዚያ እናርቃቸው። ሁለት ልጆች ተወራርደው «የተሸነፈ ይከፍላል» ብለው መጫወታቸውም እንዲሁ ነው፤ ይህ በየጌም ቤቱ የተለመደ ሆኗልና ልብ እንበል። ሰላትን የሚያሳልፍ፣ ከወላጅ ኪስ ወደ ስርቆት የሚመራ፣ ዐውራ የሚታይበት ወይም ዲንን የሚያዋርድ ጨዋታ ክልክል መሆኑ አያከራክርም። ከዚህ የጸዳው ደግሞ በልኩ እስከሆነ ድረስ ሰውን ማጥበብ አይገባም።

ወላጆች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንየው። አባት ከልጁ ጋር አንድ ቀን ሄዶ ከማሽኑ አጠገብ ይቁም። ያላየውን የሚከለክል አባት በልጁ ዘንድ ክብደት የለውም። በአሜሪካ የማሽን አምራቾች በየማሽኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ የአውሮፓ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የዕድሜ ቁጥር ታትሞባቸዋል። 18 የተጻፈበት ለአሥር ዓመት ልጅ አይደለም። በውጭ ያላችሁ ወላጆች ይህን ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ እንጠይቀው። «የምትተኩሰው ማንን ነው? ምን አድርጎ ነው? ቤተሰብ ያለው ይመስልሃል?» እንበለው። ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰዓት ቁጣ የበለጠ ልቡ ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን በሰላት እንከፋፍለው። ከዐስር በኋላ ይህን ያህል፣ መግሪብ ሲል ቤት። ልጁ ሰዓቱን ከአዛን ጋር ካያያዘ የሚያስቆመው ዱላ አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ምትክ እንስጠው። ሜዳ የሌለው ሰፈር ልጆቹን ለጌም ቤት ያስረክባል። የመስጂድ ኮሚቴዎችና ጀመዓዎች ቁርአን ከማስቀራት ጎን ለጎን ኳስ፣ ሩጫና ዋና የሚያዘጋጁበትን መንገድ ይፈልጉ። ልጅን ከአንድ ነገር ነጥቀን ባዶ እጁን ብንተወው ወደዚያው ይመለሳል።

አምስተኛ፣ ጦርነትን ከሚያውቅ ሰው ጋር እናገናኘው። በየሰፈራችን ጦር ሜዳ የዋሉ አባቶች አሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው ይስሙ። በእውነት የተኮሰ ሰው ስለ ተኩስ ሲያወራ እንደማይስቅ ልጁ ራሱ ያየዋል።

በመጨረሻም ለጌም ቤት ባለቤት ወንድሞቻችን አንድ ቃል። ሪዝቃችሁን አላህ ያስፋላችሁ። በሰላት ሰዓትና በትምህርት ሰዓት ሕፃን ልጅ አታስገቡ። ውርርድን አትፍቀዱ። ለትልቅ ሰው የተሠራውን ጨዋታ ለሕፃን አትክፈቱ። እነዚያ ልጆች የጎረቤታችሁ አማና ናቸው።

ውድ አድማጮች! ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ግሪክ ደግሞ በ2002 እነዚህን ጨዋታዎች በሕግ ለመከልከል ሞክረዋል፤ ጨዋታው ግን መንገዱን ቀይሮ ቀጠለ። ዛሬ ደግሞ በስልክ ውስጥ ገብቶ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቷል። በር ላይ የሚቆም ዘበኛ አይበቃንም። እያንዳንዳችን በእጃችን ስላለው መንጋ ተጠያቂ እረኞች ነንና፣ ዘበኛው በልጁ ልብ ውስጥ እንዲቆም እናድርግ።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ልባቸውን ከጭካኔ፣ እጃቸውን ከበደል፣ ጊዜያቸውን ከብክነት ይጠብቅልን። ለሀገራችን ሰላምን፣ በየቦታው በጦርነት ለሚሰቃዩ ሁሉ እፎይታን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።